ፀደይን ከጥላው ወገን ሆኖ ማንሳት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ወንድሜ። ከጥቂት ወራት በፊት ካሜራ ገዝቻለሁ። ሌንሱ አብሮት የመጣው፣ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚያጎላው 18–55 ነው። ፀደይ ሲገባ አበባ ላንሳ ብዬ ወጣሁና በአንድ ቅዳሜ ብቻ ከ300 በላይ ፎቶ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ሳያቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። አበባው አለ፣ ቀለሙም አለ፤ ግን ፍዝዝ ያሉ ናቸው። በዓይኔ ያየሁት ነገር ፎቶው ውስጥ የለም። በዚህ ወቅት ከቤት ውጭ ምን ምን ላንሳ? እንዴትስ ላንሳ? ሌላ ሌንስ መግዛት አለብኝ? እህትህ ነኝ።»

እህቴ፣ የሌንሱን ነገር አስቀድመን እንጨርሰው። ለጊዜው ምንም አትግዢ። ከዚህ በታች የምነግርሽን አብዛኛውን በያዝሽው ሌንስ ማንሳት ትችያለሽ። የማይችለው ጋ ስንደርስ እነግርሻለሁ።

ፎቶዎችሽን አላየኋቸውም። ግን በአንድ ቀን 300 ፎቶ እንዴት እንደሚነሳ አውቃለሁ። ረፋድ ላይ ተወጥቷል። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። አንቺ ቆመሻል፣ አበባው እታች ነው፣ ካሜራው ወደ መሬት አዘቅዝቋል። ፀሐይዋም ከጀርባሽ ናት። ካሜራ ያስያዘን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነግረን «ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ» የሚለውን ነዋ። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አደርግ ነበር። ምክሩ ለሕንፃ ይሠራል፣ ለተራራም ይሠራል። ለፀደይ ግን አይሆንም።

ለምን አይሆንም? የፀደይ ነገር ሁሉ ሥሥ ነው። አዲስ የወጣ ቅጠል ገና አልወፈረም፣ ቆዳው አልጠነከረም። የአበባ ቅጠልማ ከዚያም ይብሳል፤ አንዳንዱ እንደ ሐር ያሳልፋል። ፀሐይ ከጀርባሽ ስትሆን ካሜራው የሚያየው ከቅጠሉ ላይ ነጥሮ የተመለሰውን ብርሃን ነው። በዚያ ላይ የገጹ ነጭ ብልጭልጭታ አብሮ ይመጣና ቀለሙን ያጥበዋል። ፀሐይዋ ከቅጠሉ ወዲያ ማዶ ስትሆን ግን ብርሃኑ በቅጠሉ ውስጥ አልፎ ነው የሚደርስሽ። ሲያልፍ የቅጠሉን ቀለም ይዞ ይወጣል። ደም ሥሮቹ ሁሉ ይታያሉ።

ይህን በቃል ከምነግርሽ ሞክሪው። ነገ አንድ ለጋ ቅጠል ያለበት ቅርንጫፍ ፈልጊ። መጀመሪያ ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል ቆመሽ ተመልከቺው። ከዚያ ዞረሽ በጥላው በኩል ሁኚና ከሥር ቀና ብለሽ እዪው። ያው ቅጠል ነው። በመጀመሪያው ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ነበር፤ በሁለተኛው የበራ አምፖል ይመስላል። ያ ቅዳሜ በዓይንሽ ያየሽውና ፎቶው ላይ ያጣሽው ነገር ይኼ ይመስለኛል። ስንራመድ ዓይናችን ያለማቋረጥ የሚያበራውን ይመርጣል። ካሜራውን ስናነሳ ግን የተነገረንን ሕግ አስታውሰን ፀሐይን ወደ ጀርባችን እናዞራለን።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የአበባውን ጥላ ፈልጊ። ጥላው ወደ ወደቀበት ወገን ሂጂና እዚያ ተንበርከኪ። ለዚህ ፀሐይዋ ዝቅ ማለት አለባት፤ ማለትም በወጣች በመጀመሪያው ሰዓት ወይም ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት። እኩለ ቀን ላይ ብርሃኑ ከላይ ቁልቁል ነው የሚመጣው፤ ከአበባው «ጀርባ» የሚባል ቦታ የለም።

አንድ ቱሊፕ ላይ ጠጋ ብለን እንየው። ቱሊፕ ሌሊት ሲበርድ ይዘጋል፣ ሲሞቀው ይከፈታል። ገና ፀሐይ እንደወጣች ስትደርሺ ሁሉም እንደ ተጨበጠ እጅ ተዘግተው ታገኛቸዋለሽ። ብዙ ሰው ይህን ያይና «ገና ነው» ብሎ ይመለሳል። አንቺ አትመለሺ። ከአንዱ ቱሊፕ ፊት ለፊት በሆድሽ ተኚ፣ ፀሐይዋ ከበስተጀርባው ትሁን። ቀዩ አበባ ከውስጥ ሻማ የበራበት ይመስላል። ቀረብ ብለሽ ካየሽው በቅጠሉ ላይ ጥቋቁር ዘንጎች ይታዩሻል። ውስጥ ያሉት የአበባው ወንዴ ዘንጎች ጥላቸው በቅጠሉ ላይ አርፎ ነው። ከታች፣ ከአገዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ነጭ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ረፋድ ላይ አበባው ተከፍቶ ከላይ ስታነሺው አይታይም። የሚቆየውም ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ሞቅ ሲለው ይከፈታል።

አሁን ካሜራው የሚሳሳትበትን ነገር ልንገርሽ። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ዓለምን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው። ከሚያርፍበት ብርሃን 18 ከመቶውን የሚመልስ ግራጫ ማለት ነው። ከቱሊፑ ኋላ ጥቁር የዛፍ ጥላ ካለ ካሜራው «ጨለመ» ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ የሚያበራው አበባ ይቃጠልብሻል። ያን ጊዜ የኤክስፖዠር ማስተካከያውን (ፎቶውን የሚያደምቀውንና የሚያጨልመውን) ከ0.7 እስከ 1 ድረስ ቀንሺ። የተገላቢጦሹም አለ። ነጭ አበባ የሞላበት ዛፍ በነጭ ደመና ላይ ስታነሺ ካሜራው «በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ አበባው እንደ አመድ ይወጣል። እዚህ ላይ 1 ጨምሪ፤ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። «ፍዝዝ ያለ ነው» ካልሺኝ ፎቶዎች ውስጥ ነጫጮቹ በዚህ ምክንያት የፈዘዙ ይመስለኛል።

ቀይና ቢጫ አበባ ሌላ ችግር አለው። ፎቶው በአጠቃላይ ደህና ይመስላል፣ ካሜራው ከቀዩ ቀለም የመዘገበው ብቻ ግን ከልክ አልፎ ሞልቷል። የቅጠሉ ዝርዝር ጠፍቶ እንደ ተቀባ ጨርቅ ይሆናል። ካሜራሽ ሂስቶግራሙን (ከግራ ጨለማውን፣ ከቀኝ ብርሃኑን የሚያሳየውን ሥዕል) ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለየብቻ የሚያሳይ ከሆነ ክፈቺው። ቀዩ ከቀኝ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ብርሃን ቀንሺ። ደግሞ በራው (RAW) አንሺ፤ ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት ነው። በጄፔግ፣ በተለመደው የፎቶ ፋይል፣ የሞላ ቀለም አይመለስም። በራው ግን በትንሹ ያለፈ ከሆነ የሚመለስ ነገር አለ።

ፀሐይን ፊት ለፊት ስታነሺ ብርሃኑ ሌንሱ ውስጥ ገብቶ ፎቶውን ያደበዝዘዋል። የሌንስ ኮፍያ ካለሽ ግጠሚው። ከሌለሽ ግራ እጅሽን ከሌንሱ በላይ ዘርግተሽ በሌንሱ መስታወት ላይ ጥላ እንዲወድቅ አድርጊ። የሌንሱንም ፊት ጥረጊ፤ ከጀርባ በሚመጣ ብርሃን ላይ አንድ የጣት አሻራ ሙሉውን ፎቶ ያበላሻል።

ቀጥሎ ባክግራውንዱ፣ ማለትም ከአበባው ኋላ የሚታየው ነገር። አበባ ሲያነሱ ዋናው ሥራ ይኼ ነው ብል ማጋነን አይደለም። ጀርመናዊው ፎቶ አንሺ ካርል ብሎስፌልት ራሱ በሠራቸው ካሜራዎች ቀንበጥና እምቡጥ እስከ 30 እጥፍ እያጎላ ያነሳ ነበር። ከተክሉ ኋላ የሚያደርገው ባዶ ገጽ ብቻ ነው። ፎቶዎቹን ሳይ ዓይኔ ከተክሉ ጥምዝምዝ ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው ጥምዝምዙን በደንብ አያለሁ። ሜዳ ላይ እንደዚያ ባዶ ነገር አታገኚም፤ ግን ልትጠጊ ትችያለሽ። በአንቺ ሌንስ እንዲህ አድርጊ፦ 55 ላይ አድርጊው፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) እስከሚችለው ክፈቺው (5.6 ይሆናል)፣ ሌንሱ ፎከስ ማድረግ እስከሚችልበት ድረስ ቅረቢ። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሌንሶች ወደ 25 ሴንቲሜትር ይቀርባሉ፤ የሚለካውም ከሌንሱ ጫፍ ሳይሆን ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ከሚቀበለው ሴንሰር ነው። ከአበባው ኋላ ያለው ነገር ደግሞ ሦስት አራት ሜትር ይራቅ። ያኔ ሣሩም አጥሩም ቀልጦ ቀለም ብቻ ይሆናል። ቁጭ ብለሽ በአበባው ከፍታ ካነሳሽ ይህ ርቀት በራሱ ይገኛል። ቆመሽ ቁልቁል ካነሳሽ ግን ባክግራውንድሽ አፈር ነው፤ እሱም ከአበባው 20 ሴንቲሜትር እንኳ አይርቅም።

ስለዚህ ጉልበትሽ ይረጥባል። አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ። በዚህ ወቅት ከማንኛውም የካሜራ ዕቃ በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው።

አንድ ሌላ ዘዴ አለ። ከፊት ያለ አበባ ሌንሱን ሊነካ እስኪደርስ አስጠጊና፣ በእሱ አሾልከሽ ከኋላ ያለውን አበባ ፎከስ አድርጊ። የፊተኛው አበባ እንደ ባለቀለም ጭስ ይሆናል። ጥቂት ሚሊሜትር ግራ ቀኝ ስትዪ ፎቶው ይለዋወጣል። ይህን ለመጫወት ግማሽ ሰዓት ስጪው።

ነፋስ ግን ሁሉንም ያበላሻል። ጠዋት መሬቱ ሳይሞቅ አየሩ ብዙ ጊዜ ጸጥ ይላል፤ ይህም ጎህ ሲቀድ ለመውጣት ሁለተኛው ምክንያት ነው። ነፋስ ካለ የሻተር ፍጥነትሽ (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) ከ1/250 ሰከንድ አይውረድ፤ ጠንከር ካለም 1/500 ይሁን። አይኤስኦን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበትን መጠን፣ ለመጨመር አትፍሪ። ጥቃቅን ነጠብጣብ ያለበት ጥርት ያለ ፎቶ፣ ነጠብጣብ ከሌለው ከተንቀጠቀጠ ፎቶ ይሻላል።

አሁን የምወደው ነገር ላይ ደረስን፤ የውሃ ጠብታ። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ሳይኖር ባደረበት ሌሊት፣ ሣሩ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት እሱ ላይ ያርፋል። ጤዛ ይኼ ነው። ስለዚህ ማታ ወጥተሽ ሰማዩን ተመልከቺ። ከዋክብት ጥርት ብለው ከታዩና ቅጠል የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ሰዓትሽን ሞልተሽ ተኚ። ሰማዩ ዳምኖ ካደረ ወይም ሲነፍስ ካደረ ጤዛ አትጠብቂ።

በቅጠል ጫፍና ጥርስ ላይ ተራ ገብተው ተደርድረው የምታያቸው ትልልቅ ጠብታዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ጤዛ አይደሉም። ሥሩ ሌሊቱን ውሃ ሲገፋ፣ ቅጠሉ በጠርዙ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ያወጣው የራሱ ውሃ ነው። ልዩነቱ ለፎቶ ይጠቅምሻል። ጤዛ በየቦታው እንደ ዱቄት ይነሰነሳል፤ ይህኛው ግን እንደ ዶቃ ይሰደራል። እርጥብ አፈር ላይ ባሉ ለጋ የሣር ዘሮችና በእንጆሪ ቅጠል ላይ ፈልጊው።

ከሣሩ ጫፍ ላይ አንዷን ጠብታ ምረጪ። ጠብታ ማለት ትንሽ ሌንስ ናት። ከኋላዋ ያለውን ነገር ገልብጣ ታሳያለች። ከጠብታዋ ኋላ ጥቂት ሴንቲሜትር ርቆ አንድ አበባ ካለ፣ ጠብታዋ ውስጥ ያ አበባ ተዘቅዝቆ ይታያል፤ ቅጠሉ ሁሉ ተቆጥሮ። ፎከስ ስታደርጊ ተጠንቀቂ። የጠብታዋ ጠርዝ አንድ ቦታ ነው፣ በውስጧ ያለው ምስል ሌላ ቦታ። ምስሉ ላይ ፎከስ አድርጊ። ጠርዙ ትንሽ ቢለሰልስ አይጎዳም።

የያዝሽው ሌንስ የማይበቃው እዚህ ጋ ነው። ጠብታዋ በፎቶሽ ውስጥ እንደ ጤፍ ፍሬ ነው የምትሆነው። ቢሆንም ትንንሽ ነገር አቅርቦ የሚያነሳ ማክሮ ሌንስ ግዢ አልልሽም። ማራዘሚያ ቀለበት የሚባል ነገር አለ፤ ውስጡ መስታወት የለውም፣ ባዶ ቱቦ ነው። በካሜራውና በሌንሱ መሃል ይገባል። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ 25 ሚሊሜትር ቀለበት ብታስገቢ፣ ዕቃውን በሴንሰሩ ላይ በግማሽ መጠኑ ያሳርፍልሻል። አዙሮ የሚገጣጠም ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ንክኪ ያለውን ምረጪ፤ አለዚያ አፐርቸሩን መቆጣጠር አትችዪም። እንዲህ ስትቀርቢ ደግሞ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት በጣም ያንሳል። በሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራ ዕቃውን በሙሉ መጠኑ ስታነሺ፣ አፐርቸሩን ወደ 8 (ኤፍ 8) አጥብበሽ እንኳ ጥርት የሚለው አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ትንፋሽሽ ራሱ ፎከሱን ያጠፋዋል። በእጅ ከያዝሽው ፎከሱን ቆልፊና ሰውነትሽን ቀስ እያልሽ ወደፊት አስኪጂ፤ ጠብታዋ ጥርት ስትል ደጋግመሽ ተኩሺ። ከ20 አንዷ ትሳካለች። ያ የተለመደ ነው።

እስካሁን ስለ «እንዴት» ነበር። «ምን ላንሳ» ላልሽው መልሴ አንድ ዛፍ የሚል ነው።

እውነቴን ነው። አንድ የሚያብብ ዛፍ ምረጪ። ሩቅ አይሁን፤ በእግርሽ አሥር ደቂቃ ውስጥ የምትደርሺበት ይሁን። ከእምቡጡ ጀምሮ አበባው ረግፎ ቅጠሉ እስኪሞላ ድረስ በየቀኑ፣ ካልሆነም በየሁለት ቀኑ ተመላለሺበት። ቼሪን የመሰለ ዛፍ ሙሉ በሙሉ ፈክቶ የሚቆየው አንድ ሳምንት ገደማ ነው፤ ሙቀት ወይም ዝናብ ከመጣበት ከዚያም ያንሳል። በዓመት አንድ ቅዳሜ ብቻ የሚሄድ ሰው ከዚያ ሁሉ አንዷን ቀን ነው የሚያገኘው። ደግሞም ከምድር ወገብ ራቅ ባሉ ቦታዎች ቀኑ በጣም በፍጥነት የሚረዝመው በፀደይ መግቢያ ላይ ነው። በየቀኑ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨምራል፣ ፀሐይ የምትወጣበት ቦታም በአድማሱ ላይ ይንሸራተታል። በአሥር ቀን ውስጥ በዛፍሽ ላይ የሚያርፈው የጠዋት ብርሃን ሌላ ይሆናል።

አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ኢሞጀን ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሦስት ትንንሽ ወንዶች ልጆች ታሳድግ ነበር። ከቤት ርቃ መሄድ አልቻለችም። ስለዚህ በጓሮዋ ያሉትን ተክሎች ማንሳት ጀመረች። በ1925 ገደማ ያነሳችው የማግኖሊያ አበባ እስከ ዛሬ ከሚታወቁ የአበባ ፎቶዎች አንዱ ነው። በዚያ ፎቶ ውስጥ ሰማይ የለም፣ ዛፍ የለም፤ የአበባው እምብርትና ቅጠሎቹ ብቻ ናቸው። ሩቅ መሄድ ባለመቻሏ ደጋግማ አየች፤ ደጋግማ ስላየች ቀረበች።

እኔም አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። አንድ ነጭ የሚያብብ ዛፍ ሳምንቱን ሙሉ እያየሁ አልፈው ነበር። «ቅዳሜ ጊዜ ይኖረኛል» እያልኩ። ሐሙስ ሌሊት ነፋስና ዝናብ መጣ። ቅዳሜ ስደርስ ዛፉ ላይ አንድም አበባ አልቀረም። በጣም አዘንኩ። ልመለስ ስል ግን መሬቱን አየሁት። የረገፈው አበባ በእርጥቡ ጥቁር መንገድ ላይ ተለጥፏል። ሰው የረገጠበት ቦታ ላይ የጫማ ቅርጽ ባዶ ቀርቷል። በአንድ ትንሽ ኩሬ ላይ የተንሳፈፉት አበቦች በነፋሱ ወደ አንድ ጠርዝ ተሰብስበዋል፤ ከሥራቸው ደግሞ የራቁቱ ዛፍ ነጸብራቅ ይታያል። በዚያ ዓመት ካነሳኋቸው ያስቀረሁት ያንን ነው። አሁን የምመክርሽ ግን መርገፉንም መፍካቱንም እንድታገኚ ነው፤ ሐሙስንም አትዝለዪ።

ኩሬ ካነሳን አይቀር፦ ነጸብራቅ ስታነሺ ካሜራው ውሃውን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ይበል። በስልክ የምታነሺ ከሆነ ስልኩን ገልብጪው፣ የስልኩ ሌንስ ወደ ታች ይሁንና ከውሃው ሁለት ጣት ያህል ይራቅ። ትንሿ ኩሬ ሐይቅ ትሆናለች። ፎከስሽ ደግሞ ውሃው ላይ አይሁን። በነጸብራቁ ውስጥ ያለው ዛፍ ለሌንሱ ርቀቱ እስከ ውሃው ያለው ብቻ አይደለም፤ ከውሃው እስከ ዛፉ ያለውም ይደመርበታል። ውሃው ላይ ፎከስ ካደረግሽ የሚጠራው በላዩ የተንሳፈፈው ጉድፍ ነው።

ዝናብ ሲጥል ቤት አትቀመጪ። ካፊያ ካባራ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ከፀሐዩ ቀን ይበልጣል። የረጠበ ግንድ ይጠቁራል፤ በጥቁር ግንድ ላይ ለጋ ቅጠል እንደ ብርሃን ይታያል። ደመናው ብርሃኑን ስለሚያሰፋው ጠንካራ ጥላ የለም፤ ለነጭ አበባ የሚመች ብርሃን ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። በደመና ቀን ሰማዩን ከፎቶው አውጪው። ነጭ ባዶ ሰማይ በላይ በኩል ከገባ ዓይን ወደሱ ይሄዳል።

እርጥብ ቅጠል ግን ይብለጨለጫል። አንድ ነገር ግዢ ካልሽኝ ፖላራይዘር ፊልተር ነው የምልሽ። ሌንሱ ላይ ገጥመሽ ቀስ እያልሽ ስታዞሪው ከቅጠሉ ላይ ነጩ ብልጭታ ተነሥቶ አረንጓዴው ብቅ ሲል ታያለሽ። ይህ በኮምፒውተር በኋላ የማይሠራ ነገር ነው፤ በብልጭታው የተሸፈነው ቀለም ፎቶው ውስጥ ጭራሽ አልገባማ። ብርሃኑን ወደ ሩብ ገደማ ስለሚያወርደው የሻተር ፍጥነትሽን ተከታተዪ። ቀስተ ደመና ስታነሺ ደግሞ ፊልተሩን እያየሽ አዙሪው፤ በአንዱ አቅጣጫ ያጎላዋል፣ በሌላው ድራሹን ያጠፋዋል።

ቀስተ ደመና የት እንደሚወጣ መገመት ይቻላል። ፀሐይዋን ከጀርባሽ አድርጊ። የራስሽ ጥላ ወዴት ይጠቁማል? ቀስተ ደመናው በዚያ ነጥብ ዙሪያ በ42 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ፀሐይ ከአድማስ ከ42 ዲግሪ በላይ ከወጣች ሜዳ ላይ ሆነሽ አታዪውም። ስለዚህ ጠዋትና ማታ እንጂ እኩለ ቀን ላይ አትጠብቂ። ሙሉው ቅስት በአንቺ ሌንስ በ18 እንኳ አይገባም። አንዱን እግሩን ብቻ ከአንድ ዛፍ ጋር አድርገሽ አንሺው፤ ብዙ ጊዜ ከሙሉው ይልቅ ያምራል።

ሰው ማንሳት ከፈለግሽ፦ ሁሉም ሰው ሰውየውን ከአበባው ቅርንጫፍ መሃል ያስገባዋል። ፊቱ ላይ የቅጠል ጥላ ነጠብጣብ ይወድቅበታል፣ አበባውም ፊቱም በአንድ ላይ ጥርት ይልና ይምታታል። ከዛፉ ሦስት አራት ሜትር ወደፊት አምጪው። ከጥላው ጠርዝ ላይ ይቁም፣ ፊቱን ወደ ክፍት ሰማይ ያዙር። አረንጓዴ ሣር ላይ የተቀመጠ ሰው አገጩ ሥር አረንጓዴ ቀለም ይነካዋል፤ ብርሃኑ ከሣሩ ነጥሮ ስለሚመጣ ነው። ጭኑ ላይ ነጭ ጨርቅ ብታነጥፊ ይለቃል።

ነፍሳትን በተመለከተ ቅዝቃዜው ረዳትሽ ነው። ንብ ለመብረር የደረት ጡንቻዋ መሞቅ አለበት። አንዳንድ የንብ ዓይነቶች አበባ ላይ ያድራሉ፤ ጠዋት ፀሐይ ሳይነካቸው ስትደርሺ ሳይንቀሳቀሱ፣ ጸጉራቸው ላይ ጤዛ እንዳለ ታገኛቸዋለሽ። ከሞቀ በኋላ ከሆነ ግን የማር ንብ በሰከንድ 230 ጊዜ ያህል ክንፏን ትመታለችና በ1/1000 ሰከንድ እንኳ ክንፏ ይደበዝዛል። ሰውነቷ ጥርት ካለ ክንፏ ቢደበዝዝ ጥሩ ነው፤ መብረሯ ይታያል። አንዷን ንብ እየተከተልሽ አትሩጪ። አንድ አበባ ምረጪ፣ ፎከስሽን አዘጋጅተሽ ጠብቂ፣ ትመጣለች። ቢራቢሮ ጠዋት ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ስትሞቅ ከላይ፣ ክንፏን ስትገጥም ከጎን አንሺያት። ካሜራው ከክንፏ ጋር ትይዩ ካልሆነ ግማሽ ክንፏ ይደበዝዛል። ነፍሳትን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትቶ አደንዝዞ የሚያነሳ ሰው አለ። እባክሽ ይህን አታድርጊ።

ስለ ወፍ ጎጆም በጣም አደራ እልሻለሁ። ፀደይ የመራቢያ ጊዜ ነው። ጎጆ ስታገኚ አትጠጊ፣ እይታውን የሸፈነውን ቅጠል አትቁረጪ፣ ቅርንጫፉንም አትሰሪ። ያ ቅጠል ጫጩቶቹን ከፀሐይና ከሚበላቸው አውሬ የሚሸሽጋቸው ነው። እናትየው ምግብ በአፏ ይዛ ቅርንጫፍ ላይ ቆማ እየጮኸች ወደ ጎጆዋ ካልገባች፣ ያላስገባሻት አንቺ ነሽ። ወዲያው ራቂ። ብቻውን ሣር ውስጥ የተኛ የዱር እንስሳ ግልገል ካየሽም አትንኪው፤ እናቱ ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ናት፣ የምትመለሰውም አንቺ ስትሄጂ ነው። የአበባ ማሳ ውስጥም ገብተሽ ከመሃሉ አትቁሚ። ከመንገዱ ጠርዝ ሆነሽ ዝቅ ካልሽ ማሳው ማለቂያ የሌለው ይመስላል፤ ሳትረግጪው።

ለዕቃሽ ሁለት ነገር። ሌንስ ስትቀይሪ የካሜራው አፍ ወደ መሬት ይሁን፤ በዚህ ወቅት አየሩ ውስጥ ያለው የአበባ ዱቄት ተጣባቂ ነው፣ ሴንሰር ላይ ካረፈ በቀላሉ አይለቅም። ከቀዝቃዛው ጠዋት ወደ ሞቀ ቤት ስትገቢ ደግሞ ካሜራውን ከቦርሳው ቶሎ አታውጪ። ዚፑን ዘግተሽ አንድ ሰዓት ተይው፣ አለዚያ ላዩም ውስጡም ያልበዋል።

አሁን የቤት ሥራ ልስጥሽ። ነገ ዛፍሽን ምረጪ። አንዲት እምቡጥ ያለባት ቅርንጫፍ ለዪና በትንሽ ክር ምልክት አድርጊባት፤ ክሩ በፎቶው እንዳይታይ ከኋላ በኩል ላላ አድርገሽ እሰሪው። በጥላዋ ወገን ሆነሽ፣ ሌንስሽን 55 ላይ አድርገሽ፣ በአንድ ጠዋት ከአሥር ፎቶ በላይ አታንሺ። ፀሐይ ቢኖርም፣ ቢዳምንም፣ ቢዘንብም ለሁለት ሳምንት ተመላለሺ። በየቀኑ የቆምሽበትን እንዳትረሺ ጉልበትሽ ባረፈበት ቦታ ድንጋይ አስቀምጪ።